የጋራ በፈሮችን በአንድነት ስለመቆለፍ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

በሊኑክስ ከርነል የግራፊክስ ድራይቨሮች ላይ የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ መፍትሔ ያጣሁለትን ጉዳይ ተመልክታችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ድራይቨሬ በአንድ ትእዛዝ ብዙ የጌም (የከርነሉ የግራፊክስ ሜሞሪ አስተዳዳሪ) በፈሮችን፣ ማለትም የውሂብ ማቆያ የሜሞሪ ክፍሎችን፣ ይቀበላል፤ አንዳንዶቹም ድራይቨሮች በፈር በሚጋሩበት የከርነሉ ሥርዓት፣ በዲኤምኤ-በፍ፣ አማካይነት ከካሜራ ድራይቨር የተጋሩ ናቸው። ሁሉንም የምቆልፈው «ዲአርኤም_ጌም_ሎክ_ሪዘርቬሽንስ» በተባለው ረዳት ፈንክሽን ነው። ሁለት ስሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ ፍሰቶች) ተመሳሳይ በፈሮችን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ሲጠይቁ፣ ዘግይቶ የጀመረው «ኢዴድሎክ» የሚል፣ እርስ በርስ ተጠባብቆ የመቆም አደጋን የሚያመለክት ስሕተት ደርሶት የያዛቸውን ቁልፎች በሙሉ ይለቅቃል፤ ከዚያም የተጋጨበትን በፈር አስቀድሞ ጠብቆ እንደገና ይጀምራል። ይህ ክፍል ያለ ችግር ይሠራል፤ አሠራሩም ያማረ ነው።

አንድ በፈር በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲገኝ «ኢኦልሬዲ» (አስቀድሞ ተቆልፏል የሚል ስሕተት) ተመልሶ ጥያቄው በሙሉ ይወድቃል። ከዚህ ይልቅ የከበደኝ ግን፣ የቪዲዮ ሜሞሪው ሲሞላ የትኛው በፈር ቦታ እንደሚለቅ የሚታወቀው ሌሎቹ ከተቆለፉ በኋላ ሲሆን፣ ረዳቱ ሙሉውን ዝርዝር አስቀድሞ መፈለጉና ሥራውን ሲጨርስም በዚያው የመቆለፊያ ዐውድ (ቁልፎቹ በአንድነት በሚያዙበት ዙር) ተጨማሪ ቁልፍ እንዳይያዝ መዝጋቱ ነው።

«ዲአርኤም_ኤግዜክ» የተባለው ሌላው የከርነሉ የመቆለፊያ ረዳት በፈሮችን እየቆለፉ ዝርዝሩን ለማሳደግ እንደሚፈቅድ፣ ድግግሞሽንም ችላ የሚያስብል ምርጫ እንዳለው ተመልክቻለሁ። ወደ እርሱ ብሻገር፣ ግጭት ተፈጥሮ ዑደቱ ከመጀመሪያው በተደገመ ቁጥር ቦታ እንዲለቅ የመረጥኩት በፈር እንደ አዲስ መመረጥ ይኖርበታል? የተመረጠው በፈር ከካሜራው የመጣ ከሆነስ ከነጭራሹ ከምርጫ ማስወጣት ይሻላል?