ገረድ፣ ወንበዴ፣ ዘበኛ፦ ተዋናዩ እምቢ ማለት አለበት?

የፒያሳ ልጅ፦
ትናንት የተነሳችውን ነገር እንቋጫት። ሆሊውድ ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ገረድ፣ ሾፌር ወይ ወንበዴ ብቻ ሲሆን ይቀበል? እኔ አይቀበል ባይ ነኝ። ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 እ.አ.አ. ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። በምን? የእመቤቷን ወገብ ጠፍራ የምታስር ባሪያ ሆና ተውና። በሽልማቱ ማታ ደግሞ ከፊልሙ ባልደረቦቿ ነጥለው ግድግዳ ሥር ነው ያስቀመጧት። ሆቴሉ ጥቁር አያስገባም ነበር፤ የገባችውም ፕሮዲዩሰሩ አስፈቅዶላት ነው። ታዲያ ምን ተገኘ?

ቡና በጤና አዳም፦
ወንድሜ፣ እሷ ላይ አትፍረድ። እናትና አባቷ በባርነት የተወለዱ ናቸው። ሎስ አንጀለስ ስትገባ ሥራ ሲጠፋ የእውነት የሰው ቤት ሠርታለች። እምቢ ያለችውንም እናውቃታለን። አና ሜይ ዎንግ ስመ ጥር ቻይናዊት አሜሪካዊት ተዋናይ ነበረች። በ1937 ለወጣው የቻይና ገበሬዎች ፊልም ዋናዋን ሚስት ለነጭ ተዋናይት ሰጡ። ለእሷ የተረፋት ክፉዋ ቁባት ናት። አልፈልግም አለች። ፊልሙ ያለ እሷ ተሠራ፣ ነጯ ኦስካሩን ወሰደች። እምቢ ማለት ክብር ነው፤ ዕዳው ግን ተዋናዩ ጫንቃ ላይ ብቻ ነው የሚወድቀው።

ሚኒያፖሊስ ነኝ፦
ባርካድ አብዲ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ሊሞዚን ይነዳ ነበር፤ ትወና የሚባል ነገር ሠርቶ አያውቅም። በ2013 የሶማሌ የባሕር ወንበዴዎች አለቃ ሆኖ ተወነ። ለኦስካር ታጨ፣ የእንግሊዞቹን የፊልም ሽልማት ባፍታን ወሰደ። ያን ሰሞን ግማሾቹ ሶማሌ ጎረቤቶቼ በደስታ ሊሞቱ ነበር። ግማሾቹ ደግሞ "ከወንበዴ ሌላ አጡልን?" ይሉ ነበር። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ። ልጁ በዓይኑ ብቻ ችግሩንም ፍርሃቱንም አሳይቶናል። ግን እዚህ ሶማሌ ነርሱ፣ መምህሩ፣ ነጋዴው ሞልቷል። እነሱን ማን ይጻፍልን?

ኤልኤ ያለሁት፦
ከራሴ ልናገር። ባለፈው ዓመት ለአንድ ፊልም ተፈተንኩ። ወረቀቱ ላይ ስም የለኝም፣ "ባለታክሲ 2" ነው የሚለው። ንግግሬ አንድ መስመር ናት። በራሴ አነጋገር አልኳት። "አክሰንት ጨምርበት" አሉኝ። የየት አገር? ስላቸው "የአፍሪካ" አሉኝ። ጨመርኩላቸው። የቤት ኪራይ ነበረብኝ። ማታ ገብቼ ለሚስቴ መንገር አቃተኝ። አልዋሽም፣ ነገም ቢጠሩኝ እሄዳለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦
አይዞህ ወንድምዓለም። ግን ሌላ መንገድ የያዘ ሰው አለን። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ቺካጎ ቲያትር ሲማሩ የሚሰጣቸው የአገልጋይ ሚና ነበር። ትተው ፊልም ሠሪ ሆኑ። በ1993 ስለ ባርነት የሠሩትን ሳንኮፋ የተባለ ፊልም የሆሊውድ አከፋፋዮች አልወስድ ሲሏቸው፣ አዳራሽ እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው መጽሐፍ ቤታቸው ዛሬም በፊልሙ ስም ነው የሚጠራው።

ቡና በጤና አዳም፦
ኃይሌን ማን ይጠላል! ግን ለኪራይ የተቸገረ ሰው ምን ብሎ አዳራሽ ይከራይ? ሃዋርድን ካነሳህ ደግሞ፣ ሃቲ ሽልማቷን የተናዘዘችው ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዕቃው ጠፋ። በ2023 ኦስካር የሚሰጠው አካዳሚ ምትኩን ለሃዋርድ ሰጠ። እዚያ ትወና የሚማሩ ጥቁር ልጆች በደጁ ሲያልፉ ያዩታል። "ምን ተገኘ" ላልከው ይሄ ተገኘ።

የዘበኛ ልጅ፦
ሁላችሁም አሜሪካ አሜሪካ ትላላችሁ። የእኛው ፊልም ውስጥ ያለው ዘበኛስ? ያው ካፖርት፣ ያው ባትሪ፣ ያው የገጠር ዘዬ። አባቴ ቦሌ 22 ዓመት ዘበኛ ነበር። ማታ ማታ በሩ ላይ ባለችው አምፖል ጋዜጣ ያነባል። አንብቦ አይጥልም፣ በሲባጎ አስሮ አልጋ ሥር ያስቀምጣል። አንድ እሑድ ሲኒማ ይዤው ገባሁ። ዘበኛው ገና አፉን ሲከፍት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አባቴ ስክሪኑን ትቶ ዞሮ ሰዉን አየ። ከዚያ ወዲህ ሲኒማ እንሂድ ስለው "እናንተ ሂዱ" ነው መልሱ።

የፒያሳ ልጅ፦
እኔም እንደዚያ ዓይነት ዘበኛ ላይ ስቄያለሁ። ይቅርታ። ስለ ሃቲ የጻፍኩትንም አንስቻለሁ፣ ልክ አልነበርኩም። አክሰንት ጨምር የሚሉትን ግን አሁንም እምቢ በሏቸው እላለሁ። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ስክሪፕት የምትጽፉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እስካሁን ዝም ብላችኋል። ስለ ጋሼ ጋዜጣ አንብባችሁ ከሆነ፣ ቀጣዩን እናንተ ጻፉ።