አልኮል የሚቀዳበት ክፍል ውስጥ ያለ ፓነል፦ አየር ብነፋበት ይበቃል?

የአዘዞው ኤሌክትሪሺያን፦
ሰላም ለቤቱ። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ በኩል፣ 96 በመቶ አልኮል ከበርሜል እየቀዳ በጀሪካን የሚያሽግ ቤት ሥራ ይዣለሁ። የፓምፑ ፓነል፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሳጥኑ፣ ከመቅጃው ሁለት ሜትር ቢርቅ ነው። ውስጡ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር)፣ ኮንታክተር (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ) እና ብሬከር አለ። ኮንታክተሩ በያዘና በለቀቀ ቁጥር ብልጭ ይላል፤ ክፍሉ ደግሞ ገና በሩ ሲከፈት አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ለጋዝ ቦታ የተሠራ፣ ማለትም ብልጭታው የውጭውን ተን እንዳያቀጣጥል ተደርጎ የተሠራ፣ ፓነል ዋጋው ስንት እንደሆነ ለባለቤቱ ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። «ኮምፕረሰር አለን አይደል? ቱቦ አስገባና ይነፋበት፣ ተኑ አይገባም» አለኝ። ያስኬዳል? ፓነሉ 80 በ60 በ30 ሳ.ሜ ነው። እኔን የሚከነክነኝ መብራቱ ነው። በቀን ስንቴ ሄዶ ስንቴ እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ።

ጋሼ ፊውዝ፦
ወንድሜ፣ የከነከነህ ልክ ነው። የሰውዬው ሐሳብም ቀልድ አይደለም። የአሜሪካኑ ኤንኤፍፒኤ 496 እና ዓለም አቀፉ አይኢሲ 60079-2 የሚባሉት የደህንነት ደረጃዎች ስለዚሁ የተጻፉ ናቸው። ፓነሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ትንሽ ከበለጠ፣ በየቀዳዳው አየር ይወጣል እንጂ ተን አይገባም። ትንሽ ስልህ የምር ትንሽ ነው፤ እንደ ዓይነቱ 25 ወይም 50 ፓስካል። 50 ፓስካል ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃን 5 ሚሊ ሜትር ቢገፋ ነው። ያንተ ኮምፕረሰር ስንት ባር ነው? 8? ያለ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) እና ያለ ማስተንፈሻ ቫልቭ ብትሰካው የፓነሉን በር ገንጥሎ ይጥልልሃል።

አሁን ወደ መብራቱ። መብራት ሲሄድ ኮምፕረሰሩም ይቆማል። ፓነሉ ይተነፍስና ተኑ ቀስ እያለ ይገባል። መብራት ሲመጣ ሁሉም ባንዴ ይነሳል። አየሩ ገና ቱቦ ውስጥ እያለ ኮንታክተሩ ጧ! ይላል። ጉዱ ያለው እዚች ጋ ነው።

ስለዚህ ኤሌክትሪክ ከመግባቱ በፊት ፓነሉ በንጹህ አየር ይታጠባል። በአሜሪካኑ የፓነሉን 4 እጥፍ፣ በአይኢሲ 5 እጥፍ። ያንተ 144 ሊትር ነው፤ በ5 ስታባዛው 720። መውጫው ላይ በደቂቃ 60 ሊትር ከለካህ 12 ደቂቃ ይፈጃል። ግፊቱን የሚያይ ፕሬዠር ስዊችና ደቂቃውን የሚቆጥር ታይመር አስገባ፤ ግፊቱ ሳይያዝና ታይመሩ ሳይጨርስ ኮንታክተሩ እንዳይገባ አድርገህ እሰረው። መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። ፕሬዠር ስዊቹና ታይመሩ ግን ፓነሉ ገና ሳይታጠብ የሚሠሩ ናቸው፤ እነሱ ራሳቸው ለጋዝ ቦታ የተሠሩ ካልሆኑ ልፋትህ ከንቱ ነው።

ኬሚስቷ፦
ኮምፕረሰሩ የት ነው የቆመው? እዛው ክፍል ከሆነ ተኑን ስቦ ፓነሉ ውስጥ ነው የሚከተው። መሳቢያው ከውጭ፣ ንጹህ አየር ካለበት ይሁን። ይሄ አልኮል 17 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል፤ የጎንደር ቀን ደግሞ ከዛ ይሞቃል። አየር ውስጥ 3.3 በመቶ ከደረሰ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው፤ ከታች የሚገቡትን ኬብሎች እይልኝ።

የአዘዞው ኤሌክትሪሺያን፦
እህቴ፣ ኮምፕረሰሩ እዛው ነው፣ በርሜሎቹ ሥር። ኬብሎቹም ከታች ነው የሚገቡት፣ ግላንድ (የኬብል መግቢያ ማሸጊያ) የሚባል ነገር የላቸውም።

ጋሼ ፊውዝ፦
ኧረ በስመአብ! መጀመሪያ ያንን ኮምፕረሰር አስወጣው፤ እሱ ራሱ ብልጭ የሚል ሞተርና ስዊች ያለው ነው።

ደግሞስ ፓነሉን ክፍሉ ውስጥ ምን አስቀመጠው? ግድግዳውን ብሳና ከውጭ ስቀለው፣ ከበርና ከመስኮቱ ራቅ አድርገህ። ታይመር የለ፣ ማጠብ የለ። ክፍሉ ውስጥ የሚቀሩት የፓምፑ ሞተርና ማስነሻ ቁልፉ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ለጋዝ ቦታ የተሠሩ ይሁኑ። ፓነል ብታጥብም ሞተሩ ያው ነበር የሚቀረው። ሞተሩ በኢንቨርተር እንዲሠራ የተፈቀደለት መሆኑንም ታርጋው ላይ አንብብ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ብዙ ኢንቨርተሮች ከ1,000 ሜትር በኋላ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል አቅም ስለሚቀንሱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ግዛ።

የአዘዞው ኤሌክትሪሺያን፦
ተባረክ ጋሼ፣ ይሄ ለባለቤቱም ኪስ ይሻላል። ኬብሉ ግድግዳውን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሲሚንቶ ብመርግበት ይበቃል?

ጋሼ ፊውዝ፦
አይበቃም፣ በኬብሉ ዙሪያ ክፍተት ይቀራል። ለግድግዳ ማለፊያ የተሠራ ማሸጊያ ግዛ። መጀመሪያ ግን የሞተሩን ታርጋ ፎቶ ለጥፍልኝ።