የዕቅድ ውይይት፦ ወደ ባራቡ የሰርከስ ሙዚየም የካምፕ ጉዞ

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ስብሰባ ልጆቹን ይዘን የት እንሂድ ተባብለን ሳንቋጨው ተለያየን። እኔ ባራቡን አቀርባለሁ። ዊስኮንሲን ነው፤ ከቺካጎ የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ። የሪንግሊንግ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1884 ሰርከሳቸውን የጀመሩት እዚያ ነው። እስከ 1918 የብርዱን ወራት ያሳልፉበት የነበረው ግቢ ዛሬ ሰርከስ ወርልድ የሚባል ሙዚየም ሆኗል። የዝሆኖቹ ቤት ሳይቀር ወንዙ ዳር እንደቆመ አለ። ከከተማዋ ጥቂት ማይል ወጣ ሲባል ደግሞ ዴቭልስ ሌክ ፓርክ አለ፤ ሐይቁም ካምፕ ማድረጊያውም እዚያው ነው። ሐሳባችሁን ጻፉ። አንድ ላይ አድርጌ ለቦርዱ አስገባዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቦታው ጥሩ ነው። ግን እዚያው አጠገብ ዊስኮንሲን ዴልስ የሚባል የውኃ መዝናኛ ከተማ አለ። ልጆቹ የሚጠይቁኝ የውኃ ጨዋታውን ነው። ለምን ሙዚየም ብሎ ቦርዱ ቢጠይቅ ምን እንላለን?

ጸሐፊ፦ ለውኃውማ ሐይቁ አለልን። ሙዚየሙን የፈለግኩት በሰዎቹ ታሪክ ነው። አባታቸው ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ነበር፤ የፈረስ ዕቃ እየሰፋ ነው ያሳደጋቸው። ሰባት ወንድሞችና አንዲት እህት ነበሩ። አምስቱ ተነስተው በትንሽ ትርኢት ጀመሩ። በ1907 ትልቁን ተፎካካሪያቸውን ባርነም ኤንድ ቤይሊን ገዙት። በ1920ዎቹ ሰርከሱ የሚጓዘው ወደ 100 በሚጠጉ የባቡር ፉርጎዎች ነበር። የኛም ልጆች የስደተኛ ልጆች ናቸው። ይህን መጽሐፍ ላይ ከሚያነቡት፣ በሰርከስ ሰልፍ ይወጡ የነበሩትን በወርቅ ቅብ ያጌጡ ሠረገላዎች አጠገባቸው ቆመው ቢያዩ ይሻላል። ከ200 በላይ ሠረገላ አለ።

የወጣቶች ተጠሪ፦ እኔ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ ሰርከስ እሠራ ነበር። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ከተጀመረ በኋላ ጅማም መቀሌም ተዳርሶ ነበር። ስለ ኤችአይቪ እንኳ ሕዝቡን በትርኢት ያስተምሩ ነበር። እኛ ፍራሽ አልነበረንም፤ ጆንያ ውስጥ ገለባ ጠቅጥቀን እሱ ላይ ነው የምንገለበጠው። ሰው በሰው ላይ ስንቆም ከታች ያለው ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል። የሚወጣው ጫማውን አውልቆ ጭኑን፣ ቀጥሎ ትከሻውን ይረግጣል። ወገቡን ከረገጠው ሁለቱም ይወድቃሉ። ከሙዚየሙ መልስ ሣሩ ላይ ይህንን ላሳያቸው፤ ፕሮፖዛሉ ላይ ይግባልኝ።

አንዲት እናት፦ እኔ አንድ ነገር ከብዶኛል። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ ዝሆን በሰንሰለት ታስሮ የሚታይበት ቦታ አልሄድም ብላለች። እኔም እውነቷን ነው እላለሁ።

ጸሐፊ፦ እህቴ፣ ትክክል ብላለች። ሪንግሊንግ ራሱ በ2016 ዝሆኖቹን ከትርኢት አወጣ፤ በ2017 ጭራሽ ተዘጋ። በ2023 የተመለሰው ያለ እንስሳት ነው። በዕለቱ ያለው ትርኢት እንስሳ ይኑረው አይኑረው አስቀድሜ ደውዬ አጣራለሁ። ካለው ትርኢቱን እናልፋለን። የዝሆኖቹ ቤት ጋ ስንደርስ ግን ልጆቹ ራሳቸው እንዲወያዩበት ግማሽ ሰዓት እንስጣቸው። ልጅሽ ብትጀምርልን ደስ ይለኛል።

የዕድር ሽማግሌ፦ ልጆቼ፣ ድንኳኑን ለእኔ ተዉልኝ። አገር ቤት ስንት የዕድር ድንኳን ተክያለሁ! የሰርከስ ሰዎችም ከባቡር ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያቆሙት የምግቡን ድንኳን ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ልክ ናቸው፤ የራበው ሰው ካስማ አይመታም። ልጆቹ ካስማውን አጋደል አድርገው መምታት ይልመዱ። ቀጥ ብሎ ከተመታ ገመዱ ሲወጠር ይነቀላል።

የምግብ ኮሚቴ፦ ጋሼ፣ እንዳሉት ምግቡ ይቀድማል። ቀኑን በጾሙ እንይ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሃል ያሉት ቅዳሜዎች ለሁሉም ይመቻሉ። ሥጋውን በሙሉ ሐላል እንግዛና ሁሉም ከአንድ ትሪ ይብላ። እንጨት ግን ከዚህ እንዳትጭኑ። ዛፍ የሚጨርስ ነፍሳት አብሮ እንዳይሄድ ፓርኩ ከሩቅ የመጣ እንጨት ይከለክላል። እዚያው እንገዛለን።

ገንዘብ ያዥ፦ አሁን ገባኝ፤ የውኃ ጨዋታውን ሐሳብ ትቻለሁ። አዳርስ? ጨቅላ የያዙ አሉ።

ጸሐፊ፦ አዳሩንም የጨቅላዎቹንም ነገር አስታርቄ ለቦርዱ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበሩ በሐምሌ አጋማሽ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ባራቡ ይሄዳል። ረፋዱን ሙዚየም፣ ከምሳ በኋላ ዴቭልስ ሌክ። ፓርኩ ውስጥ አንድ የቡድን ካምፕ ቦታ እንይዛለን። ልጆች በሽማግሌዎች መሪነት ድንኳን ይተክላሉ፤ የሰርከስ ልምምድም ይኖራል። ሕፃናት የያዙ ማታ 12 ሰዓት ይመለሳሉ። ወጣቶች ከአራት ወላጆች ጋር ያድራሉ።»

የካምፕ ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ ማስተካከያ ያለው እስከ እሑድ ማታ ይጻፍ። የድንኳን መዶሻ ያላችሁም አሳውቁኝ። ጋሼ ያላቸው ሁለት ብቻ ነው።