«ፈርሟል እኮ!»፦ የባጃጅ መያዣ ክርክር በድሬ

የከዚራ ልጅ፦ አቦ ይሄን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ትናንት አንዱ አበዳሪ እዚሁ «ተበዳሪዬ ሦስት ወር ካልከፈለ ልጆች ልኬ በመያዣ የሰጠኝን ባጃጅ አስነሳለሁ፤ ፈርሟል እኮ፤ ፍርድ ቤት ምን ያደርግልኛል» ብሎ ጻፈ። ላይክ ያጎረፋችሁለት ሰዎች፣ ድሬ ላይ ዳኛ የለም እንዴ?

ባለገንዘብ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ብሬን ሲወስድ «ጋሼ፣ አባቴ» ነበር። ዛሬ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ባጃጁ ግን ከሳቢያን ከዚራ ሲመላለስ ይውላል። «ካልከፈልኩ ይወሰድ» ብሎ ፈርሟል፣ አለቀ።

ነገረ ፈጅ፦ ጋሼ፣ ፊርማው ብቻውን አይበቃም። ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ የወጣውን አዋጅ 1147/2011 ያንብቡት። ያለ ፍርድ ቤት መረከብ ይቻላል፣ አልካድኩም። ግን ተበዳሪው በጽሑፍ ተስማምቶ፣ ሊወስዱ መሆኑ አስቀድሞ በማስታወቂያ ተነግሮት፣ በሚወሰድበት ሰዓት ደግሞ ንብረቱን የያዘው ሰው ካልተቃወመ ነው። «አልሰጥም» ካለ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው።

ባለሦስት እግር፦ ማስታወቂያ ትላለህ? እኔ መጋላ ቆሜ ሰው እየጫንኩ ነው የመጡት። ከኋላ አንዲት ሴትዮ የቲማቲም ዘንቢላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አንዱ ቁልፉን መንጭቆ አወጣ፣ ሌላው «ማዘር ይውረዱ» አላቸው። ጮኬያለሁ። ገበያተኛው ሁሉ ሰምቷል። ይሄ ነው አለመቃወም?

ባለገንዘብ፦ ፈርመሃል አልፈረምክም?

ባለሦስት እግር፦ ፈርሜያለሁ። ሴትዮዋ ግን አልፈረሙም።

የከዚራ ልጅ፦ 😂😂

ነገረ ፈጅ፦ ወንድሜ፣ እንደዚያ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ 1149 ሁከት ይወገድልኝ ብለህ መክሰስ ትችላለህ። ሁለት ዓመት ካለፈው ግን ቀረ።

ሚሚ ኮኔል፦ ሁላችሁም ለተበዳሪ ታለቅሳላችሁ። አበዳሪ ሁሉ ባንክ ይመስላችኋል? እኔ የዕቁብ ብሬን ነው ያበደርኩት። ክሰሺ ይሉኛል። ዳኝነት ክፈይ፣ መጥሪያ አድርሺ፣ ተከሳሽ አልተገኘም፣ ሌላ ቀጠሮ። ተፈረደልኝ ብዬ እልል ስል «አፈጻጸም መዝገብ ክፈቺ»። እስከዚያ ሞተሩ ወልቆ፣ ጎማው ተሽጦ ሸራው ይጠብቀኛል።

ነገረ ፈጅ፦ ለዚህም መላ አለው እህቴ። ዕዳው በጽሑፍ ያለና ልኩ የታወቀ ከሆነ በአጭር ሥነ ሥርዓት ክሰሺ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት 284። ተከሳሹ ለመከላከል መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ያሸሸዋል ብለሽ ከሰጋሽ ከፍርድ በፊት እግድ ጠይቂ። ሊብሬው ላይ እግድ ካረፈ ስም ማዞር የለም።

ሚሚ ኮኔል፦ ሞተር የሚፈታ ሰው ሊብሬ አይቶ ነው?

የከዚራ ልጅ፦ ቆይ ቆይ። የዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ 404 ሰው እንጀራ የሚበላበትን የሥራ መሣሪያ አትያዙበት ይል የለ? ባጃጅ የሥራ መሣሪያ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው፣ የቤት ጌጥ?

ነገረ ፈጅ፦ እሱ በእኔ እምነት ለተራ ዕዳ ነው። ወዶ በመያዣ የሰጠውን አይሸፍንም።

የከዚራ ልጅ፦ «ወዶ»! ብር የቸገረው ሰው ወዶ ሲፈርም አይተህ ታውቃለህ?

ባለገንዘብ፦ ታዲያ እኔ ክላሽ ይዤ ነው ያስፈረምኩት? ፈርሟል!

የከዚራ ልጅ፦ እሺ ፈርሟል። ባጃጁን ሸጠህ ከዕዳህ የተረፈውን ትመልስለታለህ?

ባለገንዘብ፦ ምን ተርፎ?

ነገረ ፈጅ፦ ጋሼ፣ ይሄማ ቀልድ አይደለም። ከሽያጩ የተረፈው የተበዳሪው ነው። ካነሰዎት ደግሞ ቀሪውን ይጠይቁታል። ዝም ብሎ «ባጃጁ በዕዳው የኔ ሆነ» ማለት የለም።

ሚሚ ኮኔል፦ ዋሱስ? የኔው ዋስ «እኔ ለጨዋነቱ ነው የፈረምኩት» አለኝ። ዓይኔን እያየ!

የሳቢያን ሰው፦ ባጃጅ ነጂ ሲያለቅስ ዛሬ ገና አየሁ። ማታ ከለገሃሬ ሳቢያን ስትጭኑን ይሄ እዝነት የት ይሄዳል? «ኮንትራት ነው» ብላችሁ እጥፍ ስትጠይቁ ማን አስፈረማችሁ?

ባለሦስት እግር፦ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆመህ አድረህ ታውቃለህ?

የሳቢያን ሰው፦ ሰልፉን ማን ጠየቀህ? ታሪፉን ነው ያልኩህ።

ባለሦስት እግር፦ ታሪፉን ያወጣው ሰውዬ ቤንዚኑን በስንት እንደምገዛ ይጠየቅልኛ!