የክብደት መቀነሻ መርፌ ከጀመርኩ ወዲህ ኤዲኤችዲዬ ተለዋወጠብኝ፤ የደረሰበት አለ?

ሐሳብ በታኝ (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የሚበትንና የሚያቅበጠብጥ የአንጎል ችግር) እንዳለብኝ የታወቀው ካደግኩ በኋላ ነው፤ ለእሱ ሜቲልፌኒዴት የሚባለውን ክኒን እወስዳለሁ። በቅርቡ ደግሞ ሐኪሜ ለክብደት ሴማግሉታይድ አዘዘልኝ፣ በሳምንት አንዴ የሚወጋውን። የገረመኝ ከሆዴ ይልቅ ጭንቅላቴ ነው። ቀኑን ሙሉ "አሁን ምን ልብላ" እያለ የሚነዘንዘኝ ነገር ጸጥ አለ። ሌሊት ስልኬ ላይ የማያስፈልገኝን ዕቃ ማዘዝም ቀረልኝ። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ መጠኑ ሲጨመር ነገሩ ተገለበጠ፦ ከሰዓት በኋላ እደነዝዛለሁ፣ አንድ ኢሜይል ሦስቴ አንብቤ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ሥራ ለመጀመር ጉልበት የለኝም። እና መርፌው ኤዲኤችዲን ያሻሽላል ወይስ ያባብሳል? ክኒኑንስ ትቼ በመርፌው ብቻ ብቀጥል? አብሮ መውሰዱስ ችግር የለውም?

ቁልፌ የት ነው
እህቴ፣ እኔ ያለሁት ቲርዜፓታይድ በሚባለው ሌላ የክብደት መርፌ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ጸጥታ እኔም ላይ ሆኗል። ከአፌ የማይለየው ነገር ሁሉ ቀረ፣ ከቤት ሳልወጣ ፍሪጅ መክፈት መዝጋቱ ቀረ። ኤዲኤችዲዬ ለቀቀኝ ብዬ ነበር። ግን ቁልፌን አሁንም አጣለሁ፣ ቀጠሮ አሁንም ይረሳኛል፣ ግማሽ የጀመርኩት ሥራ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል። የቀነሰልኝ ስሜት ሲመጣ ሳላስብ የማድረጉ ነገር ነው። ማቀድ፣ መጀመርና መጨረስ ግን ያው ናቸው። ክኒኔን አልተውኩም።

መድኃኒት ቤት ያለሁ
ፋርማሲስት ነኝ። ሴማግሉታይድ የሚሠራው አንጀታችን ስንበላ የሚለቀውን ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን አስመስሎ ነው። የዚህ ሆርሞን ተቀባዮች ደግሞ ሆድና ቆሽት ላይ ብቻ አይደሉም፤ አንጎል ውስጥ ረሃብን የሚቆጣጠረው ክፍልም፣ "ይሄን ደግሜ ላግኘው" የሚያሰኘው የዶፓሚን መስመርም ላይ አሉ። ስለዚህ የግዢ ፍላጎትሽ መቀነሱ የማይታመን ነገር አይደለም። በ2025 የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት አለ፣ 48 መጠጥ የሚያበዙ ሰዎች ላይ የተሠራ፤ ሴማግሉታይድ የወሰዱት የመጠጥ አምሮታቸው ቀንሷል። ያ ግን ስለ መጠጥ ነው፣ ስለ ትኩረት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱ በ2017 ለዓይነት 2 ስኳር፣ በ2021 ለክብደት ተፈቀደ። ለኤዲኤችዲ አልተፈቀደም። በክኒንሽ ቦታ የሚተካ አድርገሽ አትያዥው።

አብሮ መውሰድ በደፈናው የተከለከለ አይደለም፣ ብዙ ሰው ይወስዳል። ግን ሁለቱም የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ። ሁለቱም የልብ ምት ከፍ ያደርጋሉ፤ መርፌው በጥቂቱ፣ እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉት ደግሞ የደም ግፊትም ይጨምራሉ። ምትና ግፊትሽን እየለካሽ መዝግቢ፣ ወረቀቱን ለሁለቱም ሐኪሞች አሳዪ። ብዙ ጊዜ የክብደቱ ሐኪም የኤዲኤችዲውን ክኒን አያውቅም፣ የኤዲኤችዲውም መርፌውን አያውቅም፤ መሀል ላይ የምትቀሪው አንቺ ነሽ። ሌላም አለ፦ መርፌው ሆድ ምግብን ቶሎ እንዳያሳልፍ ያዘገያል። ስለዚህ በአፍ የሚወሰድ ክኒን መሥራት የሚጀምርበት ሰዓት ቢለዋወጥብሽ አይግረምሽ። ቲርዜፓታይድ ላይ ያላችሁና የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስዱ ደግሞ፣ ስትጀምሩና መጠን በተጨመረ ቁጥር ለ4 ሳምንት ሌላ መከላከያ ጨምሩ።

አይዋጥልኝም
እኔ "አንጎሌን ቀየረው" የሚለው ነገር ብዙም አይዋጥልኝም። ሰው ክብደት ሲቀንስ እንቅልፉ ይስተካከላል። ሲያንኮራፋና ትንፋሹ ሲቆራረጥ የሚያድር ሰው ቀን ላይ የሚያሳየው ባሕርይ ከኤዲኤችዲ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ቲርዜፓታይድ እኮ በ2024 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ወፍራም ለሆኑ ሰዎች ለዚሁ ትንፋሽ መቆራረጥ ተፈቅዷል። ምግብ የሚያሳድደው ሰው ሲያርፍ ትኩረቱ ለሌላ ነገር ይተርፋል፣ በቃ። (ባይገርማችሁ፣ ኤዲኤችዲ ያለባቸው አዋቂዎች ዘንድ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከሌላው ሰው በ70 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሁለቱ ከመጀመሪያውም የተያያዙ ናቸው።)

የሌሊት ተረኛ
ነርስ ነኝ። ምክንያቱን ከመከራከራችሁ በፊት ልጠይቃት። እህቴ፣ ትናንት እስከ ከሰዓት አሥር ሰዓት ምን በላሽ? ምን ያህል ውኃ ጠጣሽ?

ሐሳብ በታኝ (ጠያቂ)
እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠዋት ክኒኑን በአንድ ስኒ ቡና ዋጥኩ። ከዚያ ማታ ትንሽ እርጎ። ረሃብ የሚባል ነገር ስለሌለ ትዝም አላለኝ።

የሌሊት ተረኛ
እንግዲህ ይኸው። የደነዘዘው ባልበላ ሆድ፣ በደረቀ ሰውነት የሚሠራ ጭንቅላት ነው። ማንም ሰው እንዲህ ቢውል ኢሜይሉ አይገባውም፣ ኤዲኤችዲ ያለበት ደግሞ ይብስበታል። ክኒኑን ከመዋጥሽ በፊት ብዪ፤ እንቁላልም ይሁን እርጎ፣ ፕሮቲን ያለው ትንሽ ነገር ይበቃል። ረሃብን አትጠብቂ፣ አይመጣም። ስልክሽን ለምሳ አስጩሂው፣ ውኃውን የምታዪበት ቦታ አስቀምጪው። ይህን አድርገሽ ድንዛዜው ካልለቀቀሽ መጠኑ እንዲቀንስ ወይም ባለበት እንዲቆይ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ በየ4 ሳምንቱ የግድ መጨመር የለበትም። አልለቅ ያለ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከያዘሽ ወይም ወደ ጀርባ ከዞረ፣ ውኃ እንኳ የማያስቀር ትውከት ከመጣ፣ ወይም ልብሽ ያለ ምክንያት ሲደልቅ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። ስሜትሽ ከጨለመም እንደዚያው።

አዲስ ገባሁ
በመሀል ላቋርጣችሁ። እንደነዚህ ያሉትን መርፌዎች "ፔፕታይድ" እያለ በብልቃጥ የሚሸጥ በኦንላይን አገኘሁ፣ በጣም ርካሽ ነው። ሬታትሩታይድ የሚባለው አዲሱ የክብደት መርፌም አለው። ኤዲኤችዲ ስላለብኝ ልሞክረው?

መድኃኒት ቤት ያለሁ
ወንድሜ፣ ተው። ሬታትሩታይድ ገና በጥናት ላይ ነው፣ "ለምርምር ብቻ" ተብሎ የሚሸጠው ብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አይመሰክርልህም። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ስሪንጁ ነው። ብልቃጡ የሚያወራው በሚሊግራም፣ የኢንሱሊን ስሪንጁ ደግሞ በዩኒት፤ መሀል ላይ ሒሳብ አለ። በ2024 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ያስጠነቀቀው በዚሁ ነው፦ ከብልቃጥ ሴማግሉታይድ ራሳቸው የቀዱ ሰዎች ከታዘዘላቸው 5 እስከ 20 እጥፍ ወስደው ሆስፒታል የገቡ አሉ። ሴማግሉታይድ ደግሞ ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ተሳስተህ ብትወጋው መልሰህ አታወጣውም።

ሐሳብ በታኝ (ጠያቂ)
አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ክኒኑን አልተውም፣ ነገ ከቁርስ ነው የምጀምረው። አንድ የቀረኝ፦ መርፌው የሚወጋበትን ቀን እረሳዋለሁ፣ ያው እኔ ነኝ። ሲዘለል ምን ይደረጋል?

መድኃኒት ቤት ያለሁ
ሴማግሉታይድ ኦዜምፒክም ዌጎቪም ተብሎ ይሸጣል፤ እንደ ስሙ ይለያያል፣ የያዝሽው የቱ እንደሆነ ካርቶኑን እዪ። ኦዜምፒክ ከሆነ ቀኑ ካለፈ በኋላ እስከ 5 ቀን ድረስ መወጋት ትችያለሽ፣ ከዚያ ካለፈ ትዘዪዋለሽ። ዌጎቪ ከሆነ በአሜሪካው መመሪያ የሚቀጥለው የመርፌ ቀንሽ ከ2 ቀን በላይ ከቀረው ተወጊ፣ ካልሆነ ዝለዪ። ሁለቴ ተከታትሎ ከተዘለለ ለሐኪምሽ ደውዪ፣ ከዝቅተኛው መጠን እንደገና ሊያስጀምርሽ ይችላል። ለማካካስ ብለሽ ግን እጥፍ አትውጊ። የተወጋሽበትን ቀን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊበት።

ቁልፌ የት ነው
ካርቶኑ ቢጠፋስ? 😄 እኔ ፎቶ አነሳለሁ። ስልኩ ቀኑን ራሱ ይይዝልኛል።