አጥራችን ሥር ድንኳን የተከሉ ሰዎችን ግቢ እናስገባ ወይስ አናስገባ?

ሰንበቴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲያትል አካባቢ ካለ ደብር ነው የምጽፈው። ከአጥራችን ውጪ ድንኳን ተክለው የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች አሉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ምስርና እንጀራ ያወጡላቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን እንጀራውን እንደ ናፕኪን አጥፈው ያስቀምጡት ነበር፣ አሁን "ቀዩ ወጥ ዛሬ የለም?" ብለው ይጠይቃሉ። እነሱም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ማኅሌት ቆመን ስናድር ፓርኪንጉን የሚጠብቁልን፣ በረዶ የጣለ ጊዜም አካፋ ተቀብለው ደረጃውን የጠረጉት እነሱ ናቸው። አሁን ሽንት ቤትና ውሃ እንዲጠቀሙ፣ ድንኳናቸውንም ፓርኪንጉ ጥግ እንዲተክሉ እንፍቀድ ሲባል ሰበካ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ከተማው ይቀጣናል" ይላል። የሞከረ አለ?

የቀበና ልጅ፦
ከተማው ይቀጣናል የሚለውን ተዉት። ዋሽንግተን ስቴት የሃይማኖት ተቋማት በይዞታቸው ላይ ቤት የሌላቸውን ሰዎች እንዲያስጠልሉ እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ ፈቅዷል። ከዚያ በፊትም ሲያትል አጠገብ ያለው ዉዲንቪል ከተማ አንድ ቤተክርስቲያን ድንኳን እንዳታስተክል ከልክሎ፣ ጉዳዩ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2009 ለቤተክርስቲያኗ ተፈርዶላታል። 2020 ላይ ሕጉ ሲሻሻል መሟላት ያለባቸው ነገሮች ተጨመሩ፤ የሰፈሩ ሰው የሚገኝበት ስብሰባ ይጠራል፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚያድሩት ሰዎች የወሲብ ወንጀል ሪከርድ በፖሊስ ይጣራል። ደንብ አለው እንጂ ክልክል አይደለም። ሕንፃው ኪራይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ውላችሁን አንብቡ። ኢንሹራንሱንም በግምት አትሂዱ፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ሕጉ ይፈቅዳል ማለት ልጆቼ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚማሩበት ግቢ ይሁን ማለት አይደለም። እኛ ጋ አጥር ሥር የተጣለ መርፌ አይተናል። ምግቡን እኔም አበስላለሁ፣ ጦም ሲሆን ሽሮውንም እሠራለሁ። ግቢ ውስጥ ማሳደር ግን ሌላ ነገር ነው። ማታ አንዱ ቢታመም፣ ቢጣላ ማን ይመጣል? ሊቀመንበሩ ቤታቸው ተኝተዋል።

ዲያስፖራው፦
እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ግን መልስ አለው። ሲያትል አካባቢ ቴንት ሲቲ ሦስት የሚባለውን ቤት የሌላቸው ሰዎች የድንኳን ሰፈር እዩ። ስንት ዓመት ሙሉ ከአንዱ ቤተክርስቲያን ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የኖረው፣ በ2005 ሲያትል ዩኒቨርሲቲም ግቢው ውስጥ ያስተናገደው፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ስለሚያስተዳድሩት ነው። መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ አይገባም። ሌሊት በተራ ጥበቃ ይቆማሉ፣ ደንብ የጣሰውንም ራሳቸው ያስወጣሉ። እናንተ ጋ ያሉት ደግሞ ጥበቃውን ማንም ሳያዛቸው ጀምረውታል! ሰበካ ጉባኤው ስለ እነሱ ሲከራከር እነሱ አጥር ውጪ መቀመጣቸው ነው ለኔ የማይገባኝ። ከእነሱ ሁለቱን ጠርታችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ ጠይቋቸው። ምናልባት የሚፈልጉት ስልክ ቻርጅ ማድረጊያና ደብዳቤ የሚመጣበት አድራሻ ብቻ ይሆናል። ድንኳኑ ይቆይ፣ በሽንት ቤቱ ጀምሩ።

ሰንበቴ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሕንፃው የራሳችን ነው፣ የባንክ ዕዳው ግን አላለቀም። የመርፌው ነገር እኛም ጋ ይነሳል፣ ስለዚህ ልጆች የሚገቡበትን በር ለብቻ እንለያለን ብለናል። በሚቀጥለው እሁድ ሁለቱ ይመጣሉ፣ ከወጣቶቹ አንዷ ታስተረጉማለች። አሁን የሚያስጨንቀኝ ሽንት ቤቱ ምድር ቤት መሆኑ ነው፣ ማታ ደግሞ ቁልፉ የሚቀመጠው ንዋየ ቅድሳት ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት የተከራየ ደብር ካለ፣ በወር ስንት ነው የሚያስከፍሉት?