ከአንድ ታንክ የወጡ ሁለት ታሪኮች፦ የማንን ምስክርነት ልመዝግብ?

ጠያቂ፦
በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በታንክ ላይ የተዋጉ አባቶችን ትዝታ በድምፅ እየቀዳሁ ነው። በአንድ ቲ-55 ውስጥ አብረው የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ነጂ ሌላው አጉራሽ (መድፉን ጥይት የሚያጎርስ)፣ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጦር ነፃ ከመውጣቷ በፊት የተካሄደን አንድ ውጊያ ሲተርኩልኝ ፈጽሞ የማይገናኝ ነገር ነገሩኝ። ነጂው የጠላት ታንኮች ሲቃጠሉ ማየታቸውን ይናገራሉ፤ አጉራሹ ግን «ጠላት የሚባል በዓይኔ አላየሁም» ይላሉ። አንዳቸው ዋሽተዋል ለማለት ይከብደኛል። የማንን ልያዝ?

የቀድሞ አጉራሽ፦
ልጄ፣ አጉራሹ እውነቱን ነው የነገረህ። በቲ-55 ውስጥ አራት ሰው አለ፤ ነጂው ከፊት በግራ፣ ተኳሹና አዛዡ ከመድፉ በስተግራ ፊትና ኋላ ሆነው፣ አጉራሹ ደግሞ በቀኝ በኩል ብቻውን ነው። 30 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን የ100 ሚሊ ሜትር ጥይት ከመደርደሪያው አንስቶ፣ ታንኩ እየዘለለና እየተንገጫገጨ፣ በግራ እጁ ወደ መድፉ ይገፋዋል። መድፉ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ የጋለው ቀለህ እግርህ ሥር ይወድቃል፤ የባሩዱ ጢስ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ለአጉራሹም ፔሪስኮፕ፣ ማለትም ከውስጥ ሆኖ ውጭውን የሚያይበት መነጽር፣ ተሠርቶለታል፣ ግን ማን ጊዜ አግኝቶ ያይበታል? እኔ ውጊያው መክበዱን የማውቀው በጆሮ ማዳመጫው ከሚመጣው የአዛዡ ድምፅና ከመደርደሪያው መራቆት ነበር። ስለዚህ አጉራሽን «ምን አየህ?» ብለህ አትጠይቀው፤ ምን እንደ ሰማ፣ የትኛውን ዓይነት ጥይት እንዲያጎርስ እንደ ታዘዘ ጠይቀው።

የኤም-47 ነጂ የነበረ፦
ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ የነጂውንም ቃል ግን እንዳለ አትቀበል። ክዳን ከተዘጋ በኋላ ነጂ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጠባብ ቦታ ነው፤ ያንንም አቧራ ይሸፍነዋል። በተጨማሪም ብዙዎቻችን የሠለጠንነው በአሜሪካ ታንኮች ነው። ኤም-47 በአንድ ዘንግ የሚመራ፣ አምስት ሰው የሚይዝና በቤንዚን የሚሄድ ነበር። የሶቪየቱ ሲመጣ ሁለት መሪ ዘንጎች፣ ናፍጣና ከነጂው ጎን የተደረደረ ጥይትና ነዳጅ ጠበቁን። ከዚያ መደርደሪያ አጠገብ ተቀምጦ ወደ ተኩስ የሚነዳ ሰው ዓይኑ ሁሉ መንገዱ ላይ ነው፤ በጎን ስለሆነው የሚተርከውን አብዛኛውን ከውጊያው በኋላ ከጓደኞቹ ሰምቶታል፤ ይህም ነውር የለበትም።

የታሪክ አንባቢ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የሶማሊያ ጦር ራሱ ቀደም ብሎ በሶቪየት ቲ-34፣ ቲ-54 እና ቲ-55 ታንኮች የታጠቀ ስለነበር፣ ሶቪየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ ከዞረች በኋላ ሁለቱም ወገኖች ተመሳሳይ ታንክ ይዘው ተፋጠዋል። በአቧራና በጢስ መካከል የሚቃጠለውን ታንክ የማን እንደሆነ ለመለየት ቅርጹ ብቻውን አይበቃም። በእኔ አስተያየት ሁለቱንም ቃል ሳትሸራርፍ መዝግብ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የተናጋሪውን መቀመጫ፣ ክዳኑ ክፍት ወይም ዝግ እንደነበር፣ ያየውንና በኋላ የሰማውን ለይተህ ጻፍ። ሁለቱን ለማስታረቅ ብለህ ግን ሦስተኛ ታሪክ አትፍጠር።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነጂውን በድጋሚ ሳገኛቸው የሚቃጠሉትን ታንኮች ክዳን ከፍተው አይተዋቸው እንደሆነና የማን መሆናቸውን በምን እንደ ለዩ እጠይቃቸዋለሁ። የአዛዡም ቃል ያስፈልገኛል፤ በሕይወት እንዳሉ ሰምቻለሁ።